በሁለት ስም የታመመችው ጥሩዬ

ወገባችሁን የሚያማችሁ ሰዎች፣ ይህን ቁጭ ብላችሁ ማንበብ ካቃታችሁ ተጋድማችሁ አንብቡት። እኔም ከዚህ ታሪክ ግማሹን የኖርኩት በጀርባዬ ተንጋልዬ ጣሪያ እያየሁ ነው። ጥሩዬ እባላለሁ፤ ቢቸና ውስጥ የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ። ዛሬ ገበያ ስለነበር ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ ሹሩባ ስሠራ ውዬ እግሬ ዝሏል። "እግሬ ዛለ" ብሎ ማማረር ምን ያህል ደስ እንደሚል የሚያውቀው እግሩ ከድቶት የተመለሰለት ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ባማርር አትታዘቡኝ።

ነገሩ የጀመረው ወገቤ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትሠራ ሴት ወገቧን አመማት ቢባል ማን ይደነግጣል? እኔም አልደነገጥኩም። ደንበኞቼ ግን ዝም አይሉም። ፀጉር ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ሁሉ ሐኪም ናት። አንዷ "ብርድ ነው" ትለኛለች፣ አንዷ "አልጋሽን ቀይሪ" ትለኛለች፣ አብዛኞቹ ግን "ኩላሊትሽ ነው" አሉ። በኛ አገር ከጎድን በታች፣ ከዳሌ በላይ የሚያም ነገር ሁሉ ስሙ ኩላሊት ነው። ውኃ በብዛት ጠጪ ተባልኩና ጠጣሁ። ትርፉ የደንበኛ ፀጉር በግማሽ እየተውኩ ሽንት ቤት መመላለስ ሆነ።

ሕመሙ አልለቅ ሲለኝ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። አግዳሚው ላይ ከብዙ ሰው ጋር ተጣብቄ ተራዬን ስጠብቅ ቆየሁና ገባሁ። ሐኪሙ "ምንሽን ነው?" ሲለኝ "ኩላሊቴን" አልኩት። ሽንቴን አስመረመረና ትንሽ ኢንፌክሽን አለ ብሎ ኪኒን ጻፈልኝ። ዋጥኩ፤ ለውጥ የለም። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያም "ኩላሊቴን ታክሜ አልተሻለኝም" ብዬ ጀመርኩ፤ "እንግዲያው ነርቭ ይሆናል" ተባልኩና መርፌ ተወጋሁ። ከዚያ ወጌሻ ዘንድ ተወሰድኩ። እሱ ደግሞ "አጥንትሽ ቦታውን ለቋል" ብሎ በቅቤ አሸኝ። ያን ዕለት የጮህኩትን ጩኸት ጎረቤቶቼ እስካሁን እያነሱ ይሥቁብኛል። ከመካከላቸው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ሊረዳኝ የሞከረ ነው። ነገር ግን አንዱ ያየውን ሌላው አያውቅም። በመካከላቸው የምመላለስ መልእክተኛ እኔ ነበርኩ፤ የያዝኩትም መልእክት "ኩላሊቴን" የሚል ብቻ ነበር።

ሌላም ሌላም ነገር ነበረኝ። ማታ ማታ ቀሚሴ እስኪርስ ያልበኝ ነበር፤ ሙቀቱ ነው ብዬ ተውኩት። ምግብ አስጠላኝ። ቀሚሶቼ ሰፉኝ፤ ደንበኞቼ "ምን በልተሽ ነው እንዲህ ሸንቀጥ ያልሽው?" ሲሉኝ ደስ እያለኝ እሽኮረመም ነበር። አንድ ቀን ደግሞ የአንዲት ሙሽራ ፀጉር እየሠራሁ ቀና ስል መስታወቱ ውስጥ አንገቴ ላይ እብጠት አየሁ። የሰው ማጅራት ሳይ የምውል ሴት የራሴን አንገት ያየሁት ያኔ ነው። ሙሽራዋን ጨርሼ ሸኘሁና ሱቄን ዘግቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ባለቤቴ ይበልጣል መምህር ነው። የረጋ ሰው ነው፤ ቀይ እስክሪብቶ ካልያዘ በስተቀር የሚያስፈራ ነገር የለውም። እብጠቱን በጣቱ ዳሰሰና ብዙ ሳያወራ "ነገ ሞጣ እንሄዳለን" አለ። እኔን ልታስታምም ከመርጡለ ማርያም በኩል ከገጠር የመጣችው እናቴም ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችን።

መንገዱን አልነግራችሁም። ደብረ ወርቅን አልፈን ሞጣ እስክንደርስ መኪናው በዘለለ ቁጥር እኔ የቅዱሳንን ስም በየተራ ጠርቼ ጨረስኩ። ሆስፒታሉ ግቢ ስንገባ መቆምም መቀመጥም አቅቶኝ ነበር። ይበልጣል ደግፎኝ የምጋደምበት ቦታ ፍለጋ ሲያዞረኝ፣ እናቴ ካርድ ልታወጣልኝ ወደ መስኮቱ ሄደች። አግዳሚው ላይ የተቀመጠች አንዲት የማላውቃት ሴት ተነሥታ ቦታዋን ለቀቀችልኝ፤ ጋቢዋን አጣጥፋም ከወገቤ ሥር አደረገችልኝ። የራሷም ልጅ ታምሞባት ነበር። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ተራዋ ደርሶ ገባች፤ ጋቢዋን ስትወጣ ነው የወሰደችው።

ያየኝ ሐኪም ዶክተር ናትናኤል ይባላል። ድምፁ ዝቅ ያለ ወጣት ነው። እንደ ልማዴ "ኩላሊቴን" ስለው "ኩላሊትሽን ተዪው፤ በጣትሽ አሳዪኝ" አለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ በጣትሽ አሳዪኝ ያለኝ ሰው አልነበረም። ጣቴን ጀርባዬ መካከል፣ አጥንቱ ላይ አሳረፍኩት። እሱም እዚያው ላይ በቀስታ መታ መታ ሲያደርገኝ እንባዬ መጣ። ራጅ ተነሣሁ። ከአንገቴ እብጠት ደግሞ በመርፌ ናሙና ተወሰደና ባሕር ዳር ተልኮ እንደሚመረመር ነገሩን።

"ራጁ አከርካሪሽ መጎዳቱን ያሳያል" አለ ዶክተሩ። "ምክንያቱ ግን ከሁለት አንዱ ሊሆን ይችላል። አንደኛው በመድኃኒት የሚድን ነው። የአንገትሽ ውጤት ሲመጣ እንለየዋለን።"

ሁለተኛው ምን እንደሆነ አልጠየቅንም። እሱም አልነገረንም። ሦስታችንም ግን ገብቶናል፤ ወደ ቢቸና ስንመለስ ያን ክፉ ስም ማንም አፉ ላይ አላመጣውም። እናቴም አዝመራዋ የሚሰበሰብበት ጊዜ ነበርና በበነጋው ወደ አገሯ ሄደች።

ውጤቱ ይደርሳል በተባለበት ሰሞን ይበልጣል ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስዶ ሞጣ ሄደ። ማምሻውን ባዶ እጁን ተመለሰ። "ጥሩዬ አንዷለም የምትባል በሽተኛ የለችም አሉኝ" አለ። ሰዎቹ አላመናጨቁትም፣ ደጋግመው ፈልገውለታል፤ ግን የለም። ዶክተር ናትናኤልም ያን ቀን ለሥራ ወጥቶ ነበር። "ናሙናው መንገድ ላይ ጠፍቶ ነው" ብሎ ደመደመ የኔ መምህር። ያን የረጋ ሰው ሲቆጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ የሚቆጣበት ሰው ስላጣ በሩን ተቆጣው።

እኔ ደግሞ ሌላ ጉድ ይዤ ነበር። እግሮቼ መደንዘዝ ጀምረው ነበር። አንድ ቀን ሱቄ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል አንዲት ደንበኛ በመስታወቱ እያየችኝ "ጥሩዬ፣ ያንዱ እግርሽ ጫማ የታለ?" አለችኝ። ነጠላ ጫማዬ በሩ አጠገብ ወልቆ ቀርቷል፤ ባዶ እግሬን ሲሚንቶ ላይ እየረገጥኩ አልታወቀኝም። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። አንድ ጠዋት ከአልጋዬ ልነሣ ስል እግሮቼ እንቢ አሉ። እጄ ይታዘዛል፣ ራሴ ይታዘዛል፣ ከወገቤ በታች ግን የሌላ ሰው አካል ሆነ። ሳልጮኽ ብዙ ተኛሁ። ከጮኽኩ እውነት የሚሆን መሰለኝ።

እናቴ ሰምታ እየሮጠች መጣች። ቤታችን በሁለት ተከፈለ። እናቴ "እኛ አገር ያለው ፀበል ትግባ" አለች፤ ይበልጣል "አዲስ አበባ እንውሰዳት" አለ። እሷ "ይኸው ሐኪም ቤት ሂዳ ምን አገኘች?" ስትለው፣ እሱ "እማማ፣ እዚያ ድረስ ማን ተሸክሞ ያወጣታል? መኪና የማይገባበት ገደል ነው" ይላታል። እሷም መልሳ "አዲስ አበባስ ቅርብ ሁኖ ነው?" ትለዋለች። ሁለቱም እኔን አጥብቀው ስለሚወዱ ነው የሚጣሉት። እኔ መካከላቸው ተጋድሜ የምፈልገው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር። መቆም። ከዚያ በኋላ የፈለጉበት ይውሰዱኝ፣ በእግሬ እሄድላቸዋለሁ።

በመጨረሻ ማንም ባላሸነፈበት ክርክር መካከል፣ ቢያንስ የእግሬን ነገር አንድ ሰው ይየው ተባለና ባጃጅ ውስጥ አጋድመው ቢቸና ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ።

እዚያ የተቀበለችን ሲስተር ሰሚራ ናት። የደሴ ልጅ ናት፤ እኛ አገር ከተመደበች ገና ብዙም አልቆየችም። ፈጣን ናት፣ ነገር አታንዛዛም። እግሬን በመርፌ ጫፍ እየነካች "ይሄስ? ይሄስ?" ስትለኝ "የለም፣ የለም" እላለሁ። ስትጨርስ የእናቴንም የይበልጣልንም ክርክር ሰማችና "ፀበሉም አዲስ አበባም ትንሽ ይቆዩ፤ መጀመሪያ ሞጣን አናግረዋለሁ" አለች።

ያን ሰሞን አንድ አዲስ ነገር ተጀምሮ ነበር። በአካባቢው ያሉት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሉ በአንድ መስመር ተያይዘው በአጭር ቁጥር ይደዋወላሉ። በየሳምንቱ ረቡዕ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ መስመሩ ላይ ይገቡና የከበዳቸውን በሽተኛ ጉዳይ በጋራ ይመካከሩበታል። ላቦራቶሪውም፣ ፋርማሲውም፣ ሐኪሙም አብረው ይሰማሉ። ድሮ በሽተኛው እየዞረ ያዛምተው የነበረውን ወሬ አሁን እነሱ ራሳቸው ይነጋገሩታል ማለት ነው። እኔን የወሰዱኝ ረቡዕ ቀን ነበር። ሲስተር ሰሚራ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፈተችው። እናቴ እንዲህ ያለ ነገር አይታ ስለማታውቅ ሳጥን ያወራል ብላ ፈንጠር ብላ ቆመች።

"ሞጣ፣ ከቢቸና ነው" አለች ሰሚራ። "እግሯ የከዳት ሴት አለችኝ። ወገቧን ካመማት ቆይቷል፣ አንገቷ ላይ እብጠት አለ። እናንተ ጋ ታይታ ናሙና ሰጥታለች። ጥሩዬ አንዷለም ትባላለች።"

ከወዲያ የላቦራቶሪው ሰው መዝገቡን አገላበጠና "የለችም፣ ሲስተር። ባለቤቷም መጥቶ ፈልገንለት ነበር፤ በዚህ ስም ምንም የለም" አለ።

ዶክተር ናትናኤል መስመሩ ላይ ነበር። "እንዲህ ያለች ሴት አይቻለሁ፤ ውጤቷም እጄ ላይ አለ" አለ። "ሰዎቹ ተመልሰው አልመጡም። ስሟ ግን ሌላ ነው። የሌላ ሰው ውጤት ላንቺ በሽተኛ ልሰጥ አልችልም።"

"እኔም አልቀበልህም" አለች ሰሚራ።

"እንግዲያው ናሙናው እንደገና ተወስዶ ይላክ። ግን…" አለና ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ፤ ሁላችንም እየሰማን መሆናችንን የረሳ ይመስለኛል። "እግሯ ያን ያህል የሚጠብቀን አይመስለኝም።"

ይበልጣል ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። እናቴ ግን ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋችና ባለ በሌለ ድምፅዋ "አንቺ ኪዳነ ምሕረት፣ ወለተ ሐናን አደራ! የገብረ መድኅንን ልጅ አደራ! አንች ታውቂያታለሽ፣ ልጀን አቁሚልኝ!" አለች።

ስልኩ ውስጥ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። "እማማ፣ ማን አሉ?" አለ የላቦራቶሪው ሰው።

እናቴ ደነገጠች። ጸሎቷ ውስጥ የማታውቀው ሰው ጥልቅ ማለቱም ቅር አሰኛት። "ካንተ ጋር አይደለም ልጀ፤ ከሷ ጋር ነው የማወራው" አለችው።

"አይ፣ ስሙን ይድገሙልኝ እማማ!" አለ አሁን ዶክተር ናትናኤል። "ወለተ ሐና ገብረ መድኅን ነው ያሉት?"

"አዎ፤ እችው ተጋድማ። ምነው?"

ይበልጣል ግንባሩን በመዳፉ መታ። ሰሚራ አንዴ እኔን፣ አንዴ እናቴን እያየች "ወለተ ሐና ማን ናት?" አለች። እሷ ሙስሊም ናት፤ ከየት ታውቀው? እኔ እያለቀስኩ መሣቅ ጀመርኩና "እኔ ነኝ፣ ሲስተር። የክርስትና ስሜ ነው" አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሞጣ እኔና ይበልጣል መጋደሚያ ስንፈልግ፣ እናቴ ካርድ መስኮቱ ላይ "የበሽተኛዋ ስም ማን ነው?" ተብላ ተጠየቀች። ለሷ የታመመ ሰው የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው፤ ቄሱም ፀበሉም የሚያውቁት እሱን ነው። የአባት ስም ሲሏት ደግሞ፣ አባቴ ስለሞተ፣ በጸሎት የሚታሰብበትን ስሙን ሰጠች። በዚያ ስም እኔን የሚያውቀኝ ሰው ቢቸና ውስጥ ከንስሐ አባቴና ከይበልጣል በቀር የለም። "ወለተ ሐና!" ተብዬ በተጠራሁ ቁጥር ደግሞ "አቤት" እያለች የምታስገባኝ እሷ ነበረች፤ እኔ ሕመሜን እንጂ ስሜን የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም። የካርዱን ወረቀት ደግሞ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ አገሯ ይዛው ሄዳ ነበር።

"እማማ፣ ምነው ጥሩዬ ብለው ቢነግሯቸው?" አላት ይበልጣል፤ ሊቆጣም ሊስቅም እየቃጣው።

"ጥሩየማ ለገበያ ነው!" አለች እናቴ ኮራ ብላ። "ሰው ነፍሱ ስትጨነቅ በገበያ ስሙ ይጠራል?"

"አባቷስ? አንዷለም አይደለም እንዴ?"

"እሱ ሙቶ የለም ወይ? የሞተን ሰው በምን ስሙ ልጥራው?"

"ስልክስ ሲጠይቁዎት?"

"የኔን መስሎኝ የለኝም አልሁ። የኔ ስልክ አለ?"

ሲስተር ሰሚራ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። "ስንት ስንት ስም ነው ያላችሁ እናንተ?" አለች፤ ከዚያ እሷም ሳቀች። ዶክተር ናትናኤል ግን ገና አልለቀቀንም። ስም ብቻ አይበቃም ብሎ ያየውን አስታወሰ። "ቀኝ እጇ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ነበረ" አለ። እጄን ከፍ አደረግኩ፤ የፀጉር መተኮሻ የተወልኝ ጠባሳ እዚያው ነው። "አለ!" ብለን ሁላችንም በአንድ ድምፅ ጮኽን። እብጠቱ በየትኛው በኩል እንደሆነ ጠየቀ፣ ዕድሜዬን ጠየቀ፤ ሁሉም ገጠመ።

"ውጤቱ ከመጣ ቆይቷል" አለ። "የአከርካሪ ነቀርሳ ነው።"

ነቀርሳ የሚለውን ቃል ስትሰማ እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች። በኛ ቋንቋ ያ ቃል ሁለት በሽታ ይዟል፤ የሚገድለውንም የሚድነውንም በአንድ ስም ነው የምንጠራው። ሰሚራ ዘላ ተነሣችና እናቴን ክንዷን ይዛ "እማማ፣ ካንሰር አይደለም! ቲቢ ነው! ሳንባ የሚይዘው ነው፣ እሷን አጥንት ላይ ያዛት። መድኃኒቱ እዚሁ ጓዳ ውስጥ አለ!" አለቻት።

"ይድናል?" አልኩ።

"ይድናል" አለ ዶክተር ናትናኤል። ከዚያ በሕይወቴ የማልረሳውን ነገር ጨመረ፤ "ወለተ ሐናም ትድናለች፣ ጥሩዬም ትድናለች።"

ያን ከሰዓት የሆነውን ሳስበው እስካሁን ይገርመኛል። እኔ ለብዙ ወራት ከበር በር ስንከራተትበት የነበረ ነገር፣ እኔ ተጋድሜ ሳለሁ አንድ ጠረጴዛ ላይ አለቀ። ዶክተር ናትናኤል ባሕር ዳር ያለ የአጥንት ሐኪም በዚያው መስመር አስገባ፤ ራጁን አስረዳው። ያም ሰው ለጊዜው ቢላ አያስፈልጋትም፣ መድኃኒቱ ዛሬውኑ ይጀመር፣ ጀርባዋ ሳይታጠፍ በአምቡላንስ ሞጣ ትሂድና እዚያ ክትትል ይደረግላት አለ። ፋርማሲው መድኃኒቱ መኖሩን አረጋገጠ። የመጀመሪያውን ኪኒን የዋጥኩት አምቡላንሱ ግቢ ሳይገባ ነው። ሰሚራ ከመሄዴ በፊት "ነገ ሽንትሽ ቀይ ቢሆን መድኃኒቱ ነው፣ እንዳትደነግጪ" አለችኝ። ለእናቴ መንገሩን ግን ሁላችንም ረሳነው። በማግሥቱ ሞጣ ሆስፒታል ውስጥ "ልጀ ደም ሸናች!" ብላ ያስነሣችው ግርግር ለብቻው ታሪክ ይወጣዋል።

ሞጣ ተኝቼ የምፈራው ጸጥታውን ነበር። መብራቱ ሲጠፋ እግሮቼን "አላችሁ?" እያልኩ እጠይቃቸዋለሁ፤ አይመልሱም። ነርሶቹ ጀርባዬ እንዳይቆስል ያገላብጡኛል። እናቴ እግሬ ሥር ተቀምጣ ውዳሴዋን ትደግማለች፣ በመካከሉ ዐይኗን ከጣቶቼ ላይ አትነቅልም። አንድ ቀን ቀትር ላይ ጸሎቷን አቋረጠች። "እስቲ ድገሚው" አለችኝ። ምኑን ስላት "አውራ ጣትሽን!" አለች። ምንም ያደረግሁ አልመሰለኝም ነበር። ሞከርኩ። የግራ እግሬ አውራ ጣት፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። እናቴ እልልታዋን ለቀቀችው። የጎረቤት አልጋ አስታማሚዎች ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሏት፤ የማታውቀኝ ሴት ሁሉ እልል አለችልኝ። ነርሷ ዝም በሉ ልትል መጥታ እግሬን አየችና እሷም አብራ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቀላል ነበር ካልኩ ውሸት ነው። ቢቸና ተመልሼ መድኃኒቱን በየቀኑ መዋጥ ነበረብኝ፤ አፌ ይመራል፣ ሆዴ ይገለበጣል። ሞጣ ያለው የእንቅስቃሴ ባለሙያ በስልክ ሆኖ "ጉልበቷን ከሥር ያዢው፣ አሁን ልቀቂው" እያለ ሰሚራን ያዛታል፤ ሰሚራ እኔን ታዛለች፣ እኔ እግሬን አዛለሁ። በመካከሉ ደግሞ ዐይኔ ቢጫ ሆነ። ጎረቤት "ወፍ ነው፣ ባሕላዊ መድኃኒት ትጠጣ" አለ። ሰሚራ ግን ያኔውኑ ሞጣ ደወለች፤ መድኃኒቱ ጉበቷን ነክቶት ይሆናል ተብሎ በዚያው ቀን እንዳቆም ተደረገ፣ ደሜ ተመረመረ፣ ጉበቴ ሲያገግም በጥንቃቄ አንድ በአንድ መለሱልኝ። ስልኩ ባይኖር ኖሮ ወይ መድኃኒቱን እየዋጥኩ ጉበቴን አጠፋ ነበር፣ ወይ ራሴው አቁሜ እግሬን አጣ ነበር።

መጀመሪያ በሁለት ሰው ትከሻ ቆምኩ። ከዚያ በአንድ ትከሻ፣ እሱም የይበልጣል። ከዚያ በምርኩዝ ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ አጥር ሄድኩ። ፀጉር ቤቴን በምርኩዝ የገባሁ ዕለት ደንበኞቼ ተሰብስበው ጠበቁኝ። አንዷ "ታዲያ ኩላሊትሽ እንዴት ሆነ?" ብትለኝ ምርኩዜን አነሣሁባት። እናቴ ፀበሉንም አልተወችም፤ በጀሪካን እያስመጣች ትረጨኛለች። ይበልጣልም ዝም አላት፤ አሁን ሁለቱ አይጣሉም። ማን አዳናት በሚለው ግን እስካሁን አልተስማሙም።

እንግዲህ ለናንተ የምላችሁ ይህን ነው። የወገባችሁ ሕመም ስታርፉም የማይተዋችሁ ከሆነ፣ ማታ ካላባችሁ፣ ከከሳችሁ፣ አንገታችሁ ላይ ወይ ሌላ ቦታ እብጠት ካያችሁ፣ እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ አድርጋችሁ ለአንድ ሐኪም ተናገሩ። "ኩላሊቴን" አትበሉ፤ በጣታችሁ አሳዩ። እግራችሁ ከደነዘዘ አንድ ቀን አትደሩ። የበፊቱ ሐኪም ያለውን ለአሁኑ ንገሩት፤ እነሱ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ቦታ ካለ ደግሞ እዚያ ሂዱ። የሚነጋገሩ ሐኪሞች ያሉበት አካባቢ መኖር ትልቅ ዕድል ነው፤ እኔ ይኸው ምስክር ነኝ። ሲስተር ሰሚራም አሁን ካርድ ክፍሉ ድረስ ሄዳ አስለምዳቸዋለች፤ ቢቸና ጤና ጣቢያ የሚመጣ ክርስቲያን ሁሉ ስሙን ከነገረ በኋላ "የክርስትና ስምህስ?" ይባላል። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ሙስሊም ነርስ ስትጠይቃቸው ግር ይላቸው ነበር፤ አሁን ሳይጠየቁ ይናገራሉ።

መድኃኒቴን የጨረስኩ ዕለት ረቡዕ ነበር። ምርኩዜን ቤት ትቼ፣ ባጃጅ ሳልይዝ፣ ከፀጉር ቤቴ ጤና ጣቢያው ድረስ በእግሬ ሄድኩ። እናቴ ከኋላዬ ትከተለኛለች፤ ብወድቅ ልትይዘኝ እጇን ዘርግታ ነው የመጣችው፤ አልወደቅኩላትም። የመጨረሻውን ኪኒን ሰሚራ ፊት ዋጥኩ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር፤ የየጤና ጣቢያው ሰው ሁሉ መስመሩ ላይ ነው። ሰሚራ "ሞጣ፣ አንድ በሽተኛ ላሰናብት ነው" አለች።

"ማንን?" አለ ዶክተር ናትናኤል። ድምፁ ውስጥ ሳቅ ነበረ። "ጥሩዬን ነው ወለተ ሐናን?"

ወንበር ሰጥተውኝ ነበር፤ ተነሣሁ። ወደ ስልኩ ጠጋ አልኩና የሚሰማ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ መለስኩለት።

"ሁለታችንም ቆመናል፣ ዶክተር።"